ብስክሌት በፖስታ ጥቅል

ጋላቢውን ተሸክሞ አገር ለአገር ሲዞር የሚኖረው ብስክሌት፣ ተራው ደርሶ እርሱ ራሱ በሌላ ተሸካሚ ጫንቃ ላይ መጓዝ ሲኖርበት እጅግ አስቸጋሪ መንገደኛ ይሆናል። ክብደቱ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ቢሆን ነው፤ አንድ ጐልማሳ በአንድ እጁ አንሥቶ ደረጃ ያወጣዋል። ነገር ግን መሪው ወደ ጐን የተዘረጋ፣ ፔዳሉ ወደ ውጭ ያፈነገጠ፣ መሐል አካሉም ባዶ በመሆኑ፣ ለሚያነሣው ቀላል ሲሆን ቦታ ፈልጎ ለሚያስቀምጠው ከባድ ነው። ስለዚህ ብስክሌትን በፖስታ ወይም በፈጣን መልእክት አድራሽ ድርጅት ለመላክ ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፣ ገንዘብ የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ብረቱ ለከበበው ባዶ ቦታም ጭምር መሆኑን ነው።

በ1867 ዓ.ም. የ22 መንግሥታት ልዑካን በስዊዘርላንድ ከተማ በበርን ተሰብስበው፣ ኋላ የዓለም ፖስታ ኅብረት የተባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ፣ በልባቸው የነበረው ደብዳቤ ነበር እንጂ ዕቃ አልነበረም። ጥቅል በሥርዓት ከአገር ወደ አገር እንዲያልፍ ስምምነት የተደረገው ከዚያ በኋላ በ1873 ዓ.ም. በፓሪስ ሲሆን፣ የተፈቀደውም ክብደት 3 ኪሎ ብቻ ነበር። አገራችን ኢትዮጵያም በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. ፖስታን አቋቁማ፣ በ1901 ዓ.ም. በዚሁ ኅብረት ውስጥ በአባልነት ገብታለች። ከዚያ ወዲህ የክብደቱ ወሰን እየሰፋ መጥቶ፣ ዛሬ በብዙ አገሮች ከ20 እስከ 30 ኪሎ የሚመዝን ጥቅል ይሄዳል፤ እንግዲህ ብስክሌት በሚዛኑ በኩል ያለ ችግር ያልፋል። የሚያሰናክለው ሜትሩ ነው።

የፖስታ ሠራተኛው መለኪያውን ሲዘረጋ በመጀመሪያ የካርቶኑን ርዝመት ይለካል፤ ቀጥሎም ካርቶኑን እንደ መቀነት ወገቡን ዙሮ ይለካና ሁለቱን ይደምራል። በተለመደው ሥርዓት ድምሩ ከ3 ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ከዚህ ያነሰ ወሰን የሚያጸኑ አገሮችም አሉ። አሁን ከብስክሌት ነጋዴ ዘንድ የሚገኘውን፣ 140 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 80 ከፍታ፣ 24 ውፍረት ያለውን ካርቶን እንውሰድ፤ የወገቡ ዙሪያ 208 ነውና ከርዝመቱ ጋር ሲደመር 348 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከደጁ ይመለሳል። ላኪው ግን ታግሦ ሁለቱንም ጎማ፣ መሪውንና ኮርቻውን ፈትቶ፣ በ110፣ በ70 እና በ24 ሳንቲ ሜትር ካርቶን ቢያሳድረው፣ ድምሩ 298 ይሆንለታል። ካርቶኑ ሲታሸግ መሐሉ እንደሚያብጥ አስቦ ያቺን የ2 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይጠብቃት።

ፈጣን መልእክት አድራሾች ደግሞ ሌላ ስሌት አላቸው፤ ይኸውም ርዝመቱን፣ ከፍታውንና ውፍረቱን በሳንቲ ሜትር አባዝተው፣ ብዙውን ጊዜ ለ5000 በማካፈል የሚያገኙትን ቍጥር እንደ ኪሎ ቆጥረው፣ ከእውነተኛው ክብደት ጋር አነጻጽረው በሚበልጠው ያስከፍላሉ። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ካርቶን 54 ኪሎ ያህል ሲባል ሁለተኛው 37 ኪሎ ያህል ይባላል፤ ሁለቱም የያዙት ግን ያንኑ ብስክሌት ነው። ጎማ የመፍታት ድካም ዋጋው እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ባለ ባትሪ ብስክሌት የሚልክ ሰው፣ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በጥብቅ ደንብ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ጥቅሉን ከሚረከበው መሥሪያ ቤት ይጠይቅ።

ከመፍታት ሥራ ሁሉ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ፔዳሉ ነው። የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይላቀቃል፤ የግራው ግን ጥርሱ የተገላቢጦሽ የተቀረጸ ነው፤ ይህም የሆነው ጋላቢው በሚረግጥበት ጊዜ ፔዳሉ ራሱን በራሱ እየፈታ እንዳይወድቅ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው እፈታለሁ ብሎ ሲታገል ይባስ ያጠብቀዋል። ግራና ቀኝ እያሉ ከመሳሳት፣ የመፍቻውን እጀታ ወደ ላይ አቁሞ ወደ ብስክሌቱ ኋላ መሳብ ለሁለቱም ወገን ይሠራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጀርመን አገር የሚኖር ታናሽ ወንድሜ ለልጄ ብስክሌት ላከልኝ። ካርቶኑ ከውጭ ሲታይ ደኅና ነበር፤ ስንከፍተው ግን የፊቱን ጎማ አቅፈው የሚይዙት ሁለቱ የብረት ክንዶች እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ተጣመው አገኘናቸው፤ ጎማው ወጥቶ መሐላቸው ባዶ ቀርቶ ኖሮ፣ ከላይ የተጫነው ዕቃ ጨቁኗቸዋል። ልጁ ጎማውን ይዞ ቆሞ የብረቱን ጫፍ እየዳሰሰ ምንም ሳይናገር ቀረ። ይህን ጥፋት የሚያስቀረው፣ ፋብሪካው አዲስ ብስክሌት ሲልክ በዚያ ክፍተት የሚሰካው ትንሽ የፕላስቲክ ድጋፍ ነው፤ ብስክሌት ሻጮች ይጥሉታልና ቢጠየቁ በነጻ ይሰጣሉ፤ ካልተገኘም፣ በብዙ ብስክሌት ክፍተቱ 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በልኩ የተቈረጠ እንጨት ይተካዋል። ማርሽ ቀያሪውንም ከቦታው ፈትቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ማሰር ይገባል፤ በመንገድ ላይ ካርቶኑ በጐኑ ሲወድቅ ምቱን የሚቀበለው እርሱ ነውና።

ሌላው በላኪዎች ዘንድ የሚዘነጋ ነገር፣ ካርቶኑን መጀመሪያ የሚከፍተው ባለቤቱ አለመሆኑ ነው። በአገራችን አብዛኛው ሰው ከውጭ የመጣለትን ጥቅል ማስታወቂያውን ይዞ ፖስታ ቤት ሄዶ ይቀበላል፤ በዚያም የጉምሩክ ሠራተኛ ሲኤን 23 በሚባለው ቅጽ ላይ የተጻፈውን ከዕቃው ጋር ለማመሳከር ካርቶኑን ሊያስከፍተው ይችላል። ስለሆነም ብሎንና ዳዶ በካርቶኑ ወለል ላይ ከተበተኑ፣ በተቀደደች ጥግ አንዲቱ ሾልካ ትቀራለች፤ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ተቋጥረው ከብረቱ ጋር በጥብቅ ሊታሰሩ ይገባል። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ብስክሌት ሲልክ፣ በከረጢቱ ውስጥ ፔዳል መፍቻውን ጨምሮ፣ በግራው ፔዳል ላይ በነጭ ፕላስተር «ግራ» ብሎ ጽፎበት ነበር። ልጄ ከፖስታ ቤቱ ደጅ ሳንርቅ ሊገጥመው ፈልጎ፣ በእግረኛው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ካርቶኑን መፍታት ጀመረ።