ድንጋይ መሳዩን ተክል ከዘር ማብቀል

ሊቶፕስ በደቡባዊ አፍሪካ ደረቅ ምድር፣ በተለይም በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ የሚበቅል፣ ከጠጠር ለመለየት የሚያስቸግር ተክል ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልያም በርቼል እ.ኤ.አ. በ1811 ድንጋይ መስሎት ያነሳው ተክል ሆኖ አገኘው። ይህን ውበት በቤቱ ማየት የሚሻ ሰው ከዱር የተነቀለ ከሚገዛ ከዘር ቢያበቅል ይሻላል፤ የዱሩ ተክል በዝግታ ስለሚያድግ የተነቀለው ቶሎ አይተካም።

«ከዘር ማብቀል ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ ችግኙም ይሞታል» የሚሉ አሉ። እስኪያብብ ሦስት ዓመት ገደማ መፍጀቱ እውነት ነው። ችግኙን በብዛት የሚገድለው ግን እንደ አዋቂው ተክል ውኃ መንፈጉ ነው፤ ትንሹ አካሉ ብዙ ውኃ አያከማችም። ደቃቁ ዘር ጠጠር በበዛበት አፈር ላይ ሳይቀበር ይበተን፤ እርጥበቱም መጀመሪያ ተጠብቆ ቀስ በቀስ ይቀነስ። አዋቂው ተክል ቅጠል ሲቀይር ግን አዲሱ የአሮጌውን ውኃ ስለሚመጥ ውኃ ማጠጣት ይቁም። ይህን ያወቀ አብቃይ ትዕግሥቱ ያለ ፍሬ አይቀርም።