ሥጋን መጠበቅና መንፈሳዊ ተጋድሎ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ኤልያስ የኤልዛቤልን ዛቻ ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ በገባ ጊዜ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እንዲህ የዛለው በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደው ነቢይ ነው። እግዚአብሔር ግን ስለ ድካሙ አልገሠጸውም፤ ቀጣዩን ተልእኮም ወዲያው አልሰጠውም። ኤልያስ ተኛ፤ መልአኩም ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በልቶና ጠጥቶ ዳግመኛ ተኛ፤ መንገዱ ሩቅ ነበርና መልአኩ ሁለተኛ ጊዜ ቀሰቀሰው። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ወደ ኮሬብ የተጓዘው በዚያ ምግብ ኃይል ነው (1ነገ. 19፥1-8)። ብዙዎቻችን ከዚህ ታሪክ አርባውን ቀን እናስታውሳለን፤ እንቅልፉንና እንጎቻውን ግን እንዘልለዋለን።

በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን ከሁሉ ያነሰ የሚተኛውን ጓደኛችንን እናደንቅ ነበር፤ ቀን በትምህርቱ ላይ ማንቀላፋቱን ግን አንቆጥርበትም። ዛሬም በከተማ የሚያገለግል ወንድም ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያድራል፤ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ይሄዳል፤ ሰኞ ማለዳም በሥራ ገበታው ይገኛል። ጌታችን ሐዋርያት ከተላኩበት ሲመለሱ፥ ከሰው ብዛት የተነሣ ለመብላት እንኳ ጊዜ ማጣታቸውን አይቶ ብቻቸውን ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው (ማር. 6፥30-34)። እርግጥ ነው፥ ዕረፍቱ ብዙ አልቆየም፤ ሕዝቡ ቀድሞ ደርሶ ጠበቃቸው፤ ጌታም ራራላቸው። ቢሆንም ለደከሙት አገልጋዮች ዕረፍትን ያዘዘው ራሱ ነው።

ይህን ስንል ምቾትን ማሳደድ ይገባል ማለታችን አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት አጽዋማትን ሠርታልናለች፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ሥጋውን እየጎሰመ እንደሚያስገዛ የጻፈው ቅዱስ ጳውሎስ (1ቆሮ. 9፥27) በዚያው መልእክት ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን አስተምሯል (1ቆሮ. 6፥19)፤ ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል (1ጢሞ. 5፥23)። ፈረሱን የሚገራ ሰው ፈረሱ እንዲሞትበት አይፈልግም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልበት አጥቢያ በስቅለት ዕለት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በስግደት ላይ ሳሉ ወደቁ፤ በጥድፊያም ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። በኋላ እንደ ተረዳነው የስኳር ሕመም ነበረባቸው። ሰሙነ ሕማማት ከገባ ጀምሮ መድኃኒታቸውን አቋርጠዋል፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮም አክፍለው ነበር። ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው «ወስጃለሁ» ይሉ ነበር። የንስሐ አባታቸው ሊጠይቋቸው ሄደው «ለምን አልነገሩኝም?» ቢሏቸው፥ «‹ይብሉ› እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው፥ አባቴ» አሉ።

የእኒህን እናት ቅንነት ማንም አይጠራጠርም። ስሕተቱ ግን የእርሳቸው ብቻ አይመስለንም። እኛ የምናስተምረው የቅዱሳንን ጾምና ትጋት ስንተርክ፥ ብዙዎቹ ያን ያደረጉት በአባት ምክርና በመታዘዝ መሆኑን ሳንናገር እናልፋለን። በሕመም የደከመን ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደ አቅሙ ታስተናግደዋለች እንጂ ከጤነኛው እኩል አትጭንበትም። ሰዓቱንም፥ ስግደቱንም እንደ ሰውየው ሁኔታ የሚመጥነው የንስሐ አባት ነው፤ እርሱም ይህን ማድረግ የሚችለው ሕመሙን ሲያውቅ ነው። ስለዚህ መድኃኒት የሚወስድ ምእመን ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። በራስ ፈቃድ መድኃኒት ማቋረጥ ተጋድሎ አይባልም።

በጠበል ስፍራም እንዲሁ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ፥ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ አስተምረው ነበር። መጽሐፈ ሲራክም ባለ መድኃኒትን የፈጠረው፥ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር መሆኑን ይናገራል (ሲራክ 38፥1-8)።

ጤነኛ ለሆንነውም የዕለት ጥበቃው ቀላል ነው፤ የጸሎቱ ሰዓት ሲያበቃ ስልክ ይዞ ከማምሸት ይልቅ በጊዜ መተኛት፥ ከጾም ሰዓት በኋላ ሆድን ሳያስጨንቁ መብላት፥ ንጽሕናን መጠበቅ። ጌታችን የሚጾም ሰው ፊቱን እንዲታጠብና ራሱን እንዲቀባ ማዘዙን ልብ ይሏል (ማቴ. 6፥17)።

እኒያ እናት በቀጣዩ ዓመት ስቅለት ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጡት ሐኪማቸው እንዳዘዘው መድኃኒታቸውን ወስደው፥ የንስሐ አባታቸው እንደ ፈቀዱላቸውም ቀምሰው ነው። በቅጽሩ ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ዝቅ ያለች መቀመጫ ላይ ተቀምጠው፥ ሕዝቡ በሰገደ ቁጥር አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ «ኪርያላይሶን» ይሉ ነበር። ልጃቸው የውኃ ኮዳ ይዛ ከአጠገባቸው ቆማለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።