በድንጋይ ሥር ያለ ማዕድ

ዲማ በጊዮርጊስ ገዳሟና በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ናት። በዚያ አገር ሙጋና ሱሃ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ደግሞ ጨሞጋ፣ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጮቄ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በበጋ ውሃው ሲጠራ አንድ ድንጋይ ገልብጦ ያየ ሰው፣ ከሥሩ የሚርመሰመሱ ትንንሽ ፍጥረታት ያገኛል። አብዛኞቹ ክንፍ አውጥተው እስኪበሩ ድረስ እድገታቸውን በውሃ ውስጥ የሚጨርሱ ነፍሳት ናቸው።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬኔት ከሚንስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እነዚህን ነፍሳት በዘራቸው ሳይሆን በአበላላቸው መደባቸው። ከምድቦቹ ሁሉ ለእኛ አገር ብዙ የሚነግረን ቅጠል ቆራጩ ነው። ቅጠል ቆራጭ ትኩስ ቅጠል አይወድም፤ እንደ ሊጥ እስኪቦካ ይጠብቃል። እርሾው ሻጋታና ባክቴሪያ ነው፤ ቅጠሉን ያለሰልሱታል፣ ምግብነቱንም ያዳብሩታል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ጅረቶች ቆራጮቹ ብዙ ናቸው። በኬንያ ደጋዎች በተደረገ ጥናት ግን ቆራጭ ነፍሳቱ ጥቂት ሆነው ተገኝተዋል፤ ሥራውን በአብዛኛው የወንዝ ሸርጣን ሳይሠራው እንደማይቀር ተገምቷል።

ቅጠሉ የሚመጣው ከወንዙ ዳር ነው። የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይትና መራራ ንጥረ ነገር ስላለበት በላተኛው ይሸሸዋል። ስለዚህ ባህር ዛፍን ከጅረት አፋፍ ላይ መትከል ትልቅ ስህተት ነው እላለሁ።

ጥላ በሌለበት ፀሐይ ድንጋዩን ታገኘዋለች፤ የሚያዳልጠው አረንጓዴ ሽፋንም ይበዛል። ይህን የሚፍቁት ጠፍጣፋ አካል ያላቸው እጮች ናቸው፤ ቅርጻቸው ጎርፍ እንዳይወስዳቸው ይረዳቸዋል። ቀንድ አውጣም የዚሁ ማዕድ ተካፋይ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ማየታቸው ይታወሳል። ማጠቢያ ላይ የፈሰሰው ሁሉ ታች ያለውን ፋቂ ይደርሰዋል።

የጥቁር ዝንብ እጭ ጅራቱን ድንጋይ ላይ አጣብቆ፣ ራሱ ላይ ባለው ማራገቢያ መሰል ጸጉር ከውሃው ላይ ብናኝ ያጠልላል። ሌላው አጥላይ መረብ ሠርቶ፣ የመረቡን አፍ ወደ ወራጁ አዙሮ ይጠብቃል። ከታች ከደለሉ የሚለቅሙም አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ደም መሳዩ ቀይ ትል አየር ባነሰው ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ሳይቀር ይኖራል። አዳኙ የውሃ ተርብ ልጅ ደግሞ የታችኛውን ከንፈሩን እንደ ክንድ ወርውሮ ሌሎቹን ይይዛል።

ክረምት ሲገባ ከታረሰው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል፤ ፋቂውም አጥላዩም ማዕዱን ያጣል። እርሻችሁ ከጅረት የሚዋሰን ገበሬዎች ሆይ፣ ከዳሩ የቀረውን ወይራና ሾላ እባካችሁ አትቁረጡት።