የሚፋቀውንና የማይፋቀውን መለየት፦ የጥርስ ንጽሕና ባለሙያ ሙያዊነት

በስምጥ ሸለቆ ተወልዶ ያደገ ኢትዮጵያዊ በዙሪክ ወይም በጄኔቫ የጥርስ ንጽሕና ባለሙያ ዘንድ ሲቀርብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚሻው አንድ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በጥርሱ ላይ ያለው ቡናማ ቀለም ይለቅ እንደሆነ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የባለሙያዋ ሙያዊነት ግን በእጇ ቅልጥፍና ብቻ ሳይሆን ለዚህ ጥያቄ በምትሰጠው መልስም ይለካል።

ሙያው ረጅም ዕድሜ የለውም። አልፍሬድ ፎንስ የተባለው የጥርስ ሐኪም የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት በአሜሪካዋ ብሪጅፖርት ከተማ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሆን፣ ዓላማውም በሽታን ከመጠገን ይልቅ አስቀድሞ መከላከል ነበር። ዛሬ በስዊዘርላንድ ሥልጠናው 3 ዓመት ይፈጃል፤ በጄኔቫ፣ በዙሪክና በበርን ይሰጣል።

ሥራው በመፋቅ አይጀምርም። ባክቴሪያዎች በጥርስ ላይ ስስ ልጥፍ ይሠራሉ። ልጥፉ በወቅቱ ካልተቦረሸ የምራቅ ማዕድናት ያደድሩታል፤ ይህም ታርታር ይባላል። ታርታር በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ አይነሣም። ከድድ ሥር ሲገባ ድዱ ይቆጣል፣ ይደማል፤ ውሎ ሲያድርም ጥርሱን የያዘው አጥንት ይሸረሸራል። ስለዚህ ባለሙያዋ አስቀድማ ትለካለች። በሚሊሜትር የተከፋፈለች ቀጭን መለኪያ በጥርሱና በድዱ መካከል እያስገባች ጥልቀቱን ትመዘግባለች። ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር በአብዛኛው ጤናማ ነው፤ 4 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተለይም ሲደማ፣ ማስጠንቀቂያ ነው። ያልተለካ ድድ መሻሻሉም መባባሱም አይታወቅም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በጄኔቫ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በአፍ ጤና ችግር ተይዟል፤ ጽኑ የድድ በሽታ ብቻውን 1 ቢሊዮን ያህል ሰዎችን ያጠቃል።

ቡናማው ቀለም ግን ከዚህ የተለየ ነው። የሻይ፣ የቡናና የትምባሆ ቀለም በጥርስ ላይ ያርፋል፤ ይጸዳልም። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ በብዙዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቀለም በአንጻሩ በጥርሱ ልባስ ውስጥ ነው። የልጁ ጥርስ ገና ድዱ ውስጥ ሲሠራ፣ ከመጠጥ ውኃ የሚገባው የበዛ ፍሎራይድ የልባሱን አሠራር ያዛባል። ሁኔታው ፍሎሮሲስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውኃ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ ብዙ እጥፍ ፍሎራይድ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። የሚያስገርመው፣ የዙሪክ ካንቶን እ.ኤ.አ. በ1955 ጥርስን ለማጠንከር በገበታ ጨው ላይ ፍሎራይድ መጨመር መጀመሩ ነው። ንጥረ ነገሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው።

እንግዲህ ሐቀኛዋ ባለሙያ «ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ በመፋቅም አይለቅም» ትላለች። በስዊዘርላንድ መሠረታዊው የጤና መድን መደበኛውን የጥርስ ሕክምና ስለማይሸፍን፣ ደጋግሞ ለማጽዳት የሚወጣው ገንዘብ የታካሚው ነው። በከንቱ መፋቅ ገንዘቡን ያባክናል፤ ጥርሱንም ሊጎዳ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ጥርሱን ሳይቦርሽ የቀረ ይመስል በእፍረት የኖረ ሰው፣ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የውኃው እንደሆነ መስማቱ ራሱ ፈውስ አለው። መልኩን ማሻሻል ለሚሻ የጥርስ ሐኪም መፍትሔዎች አሉት፤ ወደዚያ መምራት የባለሙያዋ ድርሻ ነው። የእጇን ወሰን ማወቅ ከሙያው ይቆጠራል።

ምስጢር መጠበቅም እንዲሁ ነው። ባለሙያዋ ስለሚወሰድ መድኃኒት፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ስኳር በሽታ ትጠይቃለች። የስዊዘርላንድ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 321 የጥርስ ሐኪሞችንም ሆነ ረዳቶቻቸውን በሙያ ምስጢር ያስራል። ስለዚህ ታካሚው ያለ ሥጋት እውነቱን ሊናገር ይገባል።

ምንጩን ማድረቅ ግን ከሕክምና ወንበሩ ውጭ ያለ ሥራ ነው። ከዙሪክ አጠገብ፣ ከዋሊሰለን ጋር በሚዋሰነው ዱበንዶርፍ የሚገኘው ኢአዋግ የተሰኘ የውኃ ምርምር ተቋም፣ ከኢትዮጵያውያን አጋሮች ጋር በስምጥ ሸለቆ የፍሎራይድ ማጣሪያዎችን ፈትሿል። አንዱ ዘዴ ከከብት አጥንት የተዘጋጀ ከሰል ነው፤ በአጥንቱ ያለው ማዕድን ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረዋል። የመያዝ አቅሙ ሲሟጠጥ ከሰሉ መታደስ ወይም መቀየር አለበት፤ አለዚያ ውኃው ሳይጣራ ያልፋል።

አበው «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። በቀጣዩ ቀጠሮዎ ባለሙያዋን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የድድዎ ልኬት ስንት እንደሆነ፣ በማጽዳት የሚለወጠውና የማይለወጠው የትኛው እንደሆነ። ሙያዋን የምታውቅ ባለሙያ ሁለቱንም ሳታመነታ ታስረዳዎታለች።