የዳነውን ሕመምተኛ ስለ መጠበቅ

ከቤተ ሰብ አንዱ በአንጎሉ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ይለዋል። ምስጋናው የተገባ ነው። ነገር ግን ከምስጋናው በኋላ ጥበቃው ቢላላ የተገኘው ጤና ሊጠፋ ይችላልና፣ «ባይፓስ» የሚባለው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስለ ተደረገለት ሰው ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባውን ጥቂት ነገር እንጽፋለን።

የአንጎል ደም ሥር ጠብቦ አንጎል ደም ሲያንሰው፣ ሐኪሞች በጆሮ ፊት ለፊት ወደ ራስ ቆዳ የሚወጣውን ደም ሥር ወስደው፣ በራስ ቅል ላይ በከፈቱት መስኮት አሳልፈው፣ በአንጎል ገጽ ካለው ደም ሥር ጋር ይሰፉታል። ይኸውም የመስኖ ውሃ መንገዱ ሲደፈን በጎን ሌላ ቦይ እንደሚወጣለት ያለ ነው። ይህን ዓይነቱን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የሠሩት ቱርካዊው ሐኪም ጋዚ ያሳርጊል ሲሆኑ፣ የተሠራውም በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ በ1960 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። ዛሬ ይበልጡን የሚደረገው ጃፓናውያን «ሞያሞያ» ብለው ለሰየሙት፣ ሕፃናትንም ለሚይዘው የደም ሥር መጥበብ ነው።

ቦዩ ወጣ ማለት ግን በሽታው ከሥሩ ተነቀለ ማለት አይደለም። የጠበበው ደም ሥር እንደ ጠበበ ይኖራል፤ በሌላው ወገን ያለውም ሊጠብ፣ የተሰፋውም ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ አፍ ቢጣመም፣ በአንድ ወገን እጅ ወይም እግር ቢዝል ወይም ቢደነዝዝ፣ ንግግር ቢኮላተፍ፣ ዐይን ቢጋረድ፣ ብርቱ ራስ ምታት በድንገት ቢነሣ ወይም ሰውነት ቢንቀጠቀጥ፣ ቤተ ሰቡ ፈጥኖ ይነሣ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ያልፍና «ነፋስ መትቶት ነው፤ አለፈለት» ይባላል። ዳሩ ግን አልፎ የሄደው ምልክት የከባዱ ሕመም መልእክተኛ ነው፤ አደጋውም ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ነው። ሕመምተኛው ራሱ ላያስተውለው ስለሚችል፣ የባለቤቱና የልጆቹ ዐይን ይጠብቀው።

በወገራ ደጋ በአምባ ጊዮርጊስ የሚኖር ቤተ ሰብ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለመድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። እንግዲህ መኪና ያለው ማን እንደ ሆነ፣ በሌሊትም የሚጠራው በማን በኩል እንደ ሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። የቀዶ ሕክምናው ወረቀትና የመድኃኒቱ ስም በአንድ ሥፍራ ይቀመጥ። ምልክቱ የጀመረበትም ሰዓት ይጻፍ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ለሚፈቀድለት ሰው የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና። ሕመሙ ከደም መፍሰስ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያየው አስፕሪን አይጨመርለት፤ መዋጥም ካቃተው ምግብም ሆነ ውሃ አይሰጠው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ልናስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ትንፋሽ ሲበዛ የአንጎል ደም ሥር ይጠባልና፣ ሞያሞያ ያለበት ሰው እሳት እፍ ማለቱን ለሌላ ይተው፤ ሕፃንም ቢሆን ብዙ እንዲያለቅስ አይተው። አዲሱ ደም ሥር ከቆዳ በታች የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ሻሽም ሆነ መነጽር በዚያ በኩል አጥብቆ አይጫነው። የውሃ ጥምም ይጎዳዋልና፣ ጾሙን እንዴት እንደሚይዝ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከር። ወደ ጠበል ሲሄድ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙ ሳያዘው አንድ ቀን እንኳ አያቋርጠው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። በከንቱ ወደ ሆስፒታል ተመላልሶ «ደኅና ነው» መባል አያሳፍርም፤ የሚያሳዝነውስ ምልክቱን አይቶ እስኪነጋ መቆየት ነው። እግዚአብሔር ሕሙማንን ይማርልን፤ ለሚጠብቋቸውም ማስተዋልን ይስጥልን።