ሽጉጥ ታጥቆ ገበያ መውጣት፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

ሽንኩርትና ድንች ጭናችሁ አዲስ አበባ የምትገቡ ገበሬዎች ብዙ ናችሁ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ኃይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር ካለው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ስትመለሱ በኪሳችሁ ገንዘብ አለ። መንገዱ ሩቅ ነው። ሌባም አለ። ታዲያ አንዳንድ ሰው «ሽጉጤን ሰው ሁሉ እንዲያየው በወገቤ ታጥቄ ብሄድ ምን አለበት?» ይላል። እስቲ ጥቅሙንና ጉዳቱን እንመዝን።

መጀመሪያ ጥቅሙን እንይ። መሣሪያ ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ከዘመተው ሠራዊት አብዛኛው ገበሬ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ በራቀበት ገጠር መሣሪያ ከብትን ከዘራፊ ያስጠብቃል። የታጠቀን ሰው ደፍሮ የሚነካው ጥቂት ነው። «ከተደበቀ መሣሪያ የሚታይ ይሻላል፤ ሰው አይቶ ይጠነቀቃል» የሚሉም አሉ።

አሁን ደግሞ ጉዳቱን እንይ።

አንደኛ፣ ሽጉጥ ራሱ ሌባ ይጠራል። የሚታይ ሽጉጥ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። በገበያ ግፊያ ውስጥ ጆንያ ስታወርዱ እጃችሁ ሥራ ላይ ነው። ወገባችሁን ማን ይጠብቅላችኋል?

ሁለተኛ፣ ትንሹ ጠብ ትልቅ ይሆናል። በሚዛንና በዋጋ መጨቃጨቅ የገበያ ወግ ነው። ባዶ እጁን ያለ ሰው ተሰዳድቦ ይለያያል፤ ገላጋይም ይደርስለታል። ሽጉጥ ካለ ግን እጅ ወደ ወገብ ይሄዳል። ያኛውም «ሊቀድመኝ ነው» ብሎ ይፈራል። ለክፉ ቃል ይቅርታ ይጠየቃል፤ የወጣ ጥይት ግን አይመለስም። ከዚያ በኋላ የሚከተለው እስራት፣ የደም ካሳና ለልጅ የሚተርፍ ቂም ነው።

ሦስተኛ፣ ጥይት ሰው አይመርጥም። ማካሮቭ የሚባለው ሽጉጥ ካርታው 8 ጥይት ይይዛል። የሳተ ጥይት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ጀሞን ወይም መካኒሳን የምታውቁ አስቡት፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ስንት ቤት፣ ስንት ልጅ አለ? በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም ተመልሶ ይወርዳል። ሊገድልም ይችላል።

ሕጉስ ምን ይላል? የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። ፈቃድ ያለውም ሰው ቢሆን እንደልቡ የትም ይዞ አይገባም። ስለዚህ ፈቃድ ያላችሁ ወረቀቱን ራሳችሁ አንብቡ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር መሣሪያው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን አስተያዩ።

ታዲያ ገንዘቡ እንዴት ይጠበቅ? ከሌባ የሚያድነው ገንዘቡን በኪስ አለመያዝ ነው። ክፍያችሁን በባንክ ወይም በቴሌብር ተቀበሉ፤ የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ። ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ተጓዙ። ሽጉጡን ጥይቱን አውጥታችሁ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቆልፋችሁ እቤት ተዉት።

ባጭሩ፣ ሰው በሌለበት ዱር የሚጠቅም መሣሪያ ሰው በሚጋፋበት ገበያ ይጎዳል። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ተወያዩበትም።