ጥቁር ካንዴላ

የአሮጌውን ሞተር ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይመጣልኛል፦ «የወራሪ ዕቃ ምን ብለህ ታድሳለህ?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

ሞተሩ ሞቶ ጉዚ ጂቲ 17 ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ለጣሊያን ጦር መሠራት የጀመረ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 500 ሲሲ። ሲሊንደሩ ወደ ፊት የተጋደመ ነው፤ ነፋሱ መጀመሪያ የሚያገኘው ቴስታታውን ነው። ቮላኖው በግራ በኩል ከውጭ ይሽከረከራል። ከወራሪው ጋር የገቡት እንዲህ ያሉ ሞተሮች ናቸው። የጣሊያኑ አዛዥ የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነስቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቆርጦበት መኪናውን በጭቃ እየገፋ ነው ያለፈው። በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ። የጣሊያንኛ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ። አያቶቻችን የማረኩትን ጠመንጃ እንደታጠቁት ሁሉ መካኒኮቻችንም ሙያውን ማርከው የራሳቸው አደረጉት። የማድሰው ለዚህ ነው።

እኔ ጋ የደረሰው ተበታትኖ፣ በሁለት ማዳበሪያ ተቋጥሮ ነበር። ብልጭታውን የሚሰጠው ባትሪ ሳይሆን ማግኔቶ ነው። ማግኔቶ ለዓመታት ሲቀመጥ የሽቦው ሽፋን እርጥበት ይጠጣል፣ ኮንደንሰሩም ይሞታል። ሽቦውን አስጠቅልዬ፣ ኮንደንሰር ቀይሬ ስገጣጥመው ሞተሩ ተነሳ። አቀበት ላይ ግን ታፈነ፤ ጥቁር ጭስ በጭስ ሆነ። ደሴ ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጋ ደወልኩ።

«ካንዴላውን ፍታና ምን እንደሚመስል ንገረኝ» አሉኝ።

«ጥላሸት ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቤንዚን በዝቶበት ነው። ያለህበትን አገር አስብ እንጂ!»

ያለሁባት መካነ ሰላም ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ለቆላ የተለካለትን ቤንዚን ያንኑ ያህል ያፈሳል። ጉጉፍቱ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ይብስበታል። መድኃኒቱ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጂግለር መግጠምና መርፌውን አንድ እርከን ዝቅ ማድረግ ነው። እንዲህ ካደረግኩ በኋላ ካንዴላው የተቆላ ገብስ መልክ ያዘ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ሞተር የፈታ ሰው ያውቀዋል። የጠፋው ጉልበት ሁሉ ግን አይመለስም፤ አየሩ ከጎደለ ጎደለ።

ወደ ዓባይ ሲወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። በጉንደወይን መንገድ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ እየወፈረ ሲመጣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ ከመውረዴ በፊት መርፌውን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ፍሬኑንም ብቻውን አትመኑት፤ የድሮ ከበሮ ፍሬን ሲግል አይይዝም። ከላይ ጀምራችሁ በከባድ ማርሽ ውረዱ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በጓሯችሁ ወይም በአባቶቻችሁ ጎተራ ሥር እንዲህ ያለ ብረት ካለ፣ ለቁራሌው በኪሎ አትሽጡት። ቀለሙን አትፋቁት፣ ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥርም አትሞርዱት። መጀመሪያ ፎቶውን ላኩልኝ።